«የሚሰማኝ አለ?» የመገናኛ ሬዲዮ በቤተሰብ የመኪና ጉዞ ላይ

መንገደኛ ከቤት ከወጣ በኋላ የቀሪው ሰው ጆሮ ከደጅ አይለይም። ባል የጭነት መኪና ሾፌር ሲሆን፣ ወይም ዘመድ አዝማድ በሁለት በሦስት መኪና ተከፋፍሎ ረጅም መንገድ ሲጓዝ፣ እናትና ሚስት ደጋግማ የምትጠይቀው ጥያቄ «አሁን የት ደርሰው ይሆን?» የሚል ነው። የእጅ ስልክ ከመጣ ወዲህ ይህ ጭንቀት ተቃሏል ይባላል። ተቃሏል፣ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ስልክ የማይሠራበት ተራራና ምድረ በዳ ዛሬም በየአገሩ አለ። ከዚህም በላይ ስልክ የሚያገናኘን ቁጥሩን ከምናውቀው ሰው ጋር ነው። ከኩርባው ወዲያ መንገድ ላይ የተጋደመውን መኪና አሁን እያየ ያለው ሾፌር ግን ስሙንም ቁጥሩንም የማናውቀው ሰው ነው። እርሱን ለማግኘት የሚያስችለው መሣሪያ የመገናኛ ሬዲዮ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ይህ መሣሪያ በመኪና ለሚጓዝ ቤተሰብ፣ በተለይም ለሴቶች፣ ምን እንደሚጠቅምና በምን በኩል እንደሚጎዳ እንመለከታለን።

በአገራችን አውራ ጎዳናዎች ሾፌሮች በመብራት እንደሚነጋገሩ መንገደኛ ሁሉ ያውቃል። ከፊት የሚመጣው መኪና መብራቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ ካደረገ፣ ከኩርባው ጀርባ ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል፣ ወይም ከብት መንገድ ዘግቷል፣ ወይም አንድ መኪና ተበላሽቶ ቆሟል ማለት ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ግን መብራት አይናገርም። የጭነት መኪና ሾፌር ደግሞ ከአጠገቡ ረዳት አለው። ረዳቱ ወርዶ መንገድ ያያል፣ ጎማ ሥር ታኮ ያስገባል፣ ሾፌሩ እንዳያንቀላፋም ያጫውተዋል። በአሜሪካ ግን ረዳት የሚባል ሰው የለም። ሾፌሩ ያን ሁሉ ተሳቢ እየጎተተ ሌሊቱን ብቻውን ነው። ይህን ባዶ ቦታ ለብዙ ዓመታት የሞላው ሬዲዮ ነበር።

ስለ አሜሪካ የምናነሳበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ የመንገድ ሬዲዮ ከወታደርና ከፖሊስ እጅ ወጥቶ ወደ ተራው ቤተሰብ መኪና የገባው በሰፊው በዚያ አገር ስለሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በዚያው አገር የጭነት መኪና በመንዳት ቤተሰብ ስለሚያስተዳድሩ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ በተለይ ካልተገለጸ በቀር ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከነዳጅ ችግር የተወለደ ጨዋታ

የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ተራው ዜጋ የሬዲዮ ቴክኒክ ፈተና ሳይወስድ የሚጠቀምበት አገልግሎት እንዲኖር የወሰነው በ1945 ነው። ዛሬ የሚታወቀው መልኩን የያዘው ግን በ1958 ሲሆን፣ ያን ጊዜ በ27 ሜጋኸርዝ አካባቢ 23 መስመሮች ተፈቀዱለት። ስሙም ሲቢ ተባለ፤ የዜጎች ሞገድ ለማለት ነው። ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ነገሩ ብዙ ሰው አልሳበም። ከዚያ የ1973 የነዳጅ ችግር መጣ።

በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር የዐረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ማዕቀብ ሲያደርጉ የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ ናረ። በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 1966 የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት ከዚሁ የዋጋ ንረት በተያያዘ እንደነበር በዕድሜ የገፉ አንባብያን አይረሱትም። በአሜሪካ ደግሞ በ1974 መጀመሪያ ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል በአገሪቱ በሙሉ የመኪና ፍጥነት በሰዓት ከ55 ማይል፣ ማለትም ከ89 ኪሎ ሜትር ያህል እንዳይበልጥ ተደነገገ። ክፍያው በተጓዘው ማይል ለሚታሰብለት ሾፌር ይህ ድንጋጌ ከልጆቹ ጉሮሮ የሚቀንስ ሆኖ ታየው። እናም ሬዲዮ ገዝቶ መኪናው ላይ ሰቀለ። የትኛው ማደያ ነዳጅ እንዳለው፣ ፖሊስ የት እንደቆመ፣ የትኛው ድልድይ ላይ በረዶ እንደተጋገረ ሾፌሩ ለሾፌሩ ይነግረው ጀመር። በዚያው ሰሞን ሾፌሮቹ ሥራ ሲያቆሙም የተጠራሩት በዚሁ ሬዲዮ ነበር።

ሕዝቡ ይህን ሲሰማ እርሱም ገዛ። «ኮንቮይ» የተባለው ስለ እነዚሁ ሾፌሮች የተዘፈነ ዘፈን በ1976 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ አንደኛ ሆነ፤ በ1978ም በዚሁ ስም ፊልም ወጣ። መስመሮቹ ስለተጣበቡ ከጥር 1 ቀን 1977 ጀምሮ ቁጥራቸው ወደ 40 ከፍ አለ። ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ቢሆንም ብዙው ሰው ሳያወጣ ስለሚጠቀም፣ በ1983 የግል ፈቃዱ ጨርሶ ቀረ።

መሣሪያው ከጭነት መኪናው ወደ ቤት መኪናው ከተሻገረ በኋላ ከመኪናውም ወርዶ ሳሎን ገባ። ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ዓይነት ሬዲዮ ነበርና፣ ጣራ ላይ አንቴና የተከለች ሚስት ባሏ ወደ ከተማው ሲቃረብ ድምፁን ትሰማለች፤ እራት የምታቀርብበትንም ሰዓት ታውቃለች። ለካ የናፍቆት መልስ ስልክ ብቻ አይደለም! በአየር ላይ ሁሉም የሚጠራበት ራሱ ያወጣው ቅጽል ስም ነበረው። የፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ባለቤት ወይዘሮ ቤቲ ፎርድ በ1976ቱ የምርጫ ዘመቻ ወቅት ሬዲዮውን ይዘው ከሕዝብ ጋር ሲነጋገሩ «ፈርስት ማማ» ተባሉ። ቀዳማዊት እመቤት በመባል ፋንታ ቀዳማዊት እማማ እንደማለት ነው። እኚህ ሴት በ1974 በጡት ካንሰር ሲታመሙ ሕመማቸውን ሳይደብቁ ለአገሩ በመናገራቸው ብዙ ሴቶች እንዲመረመሩ ያደረጉ ስለሆኑ፣ በተከፈተ ሬዲዮ ላይ መናገሩ አልከበዳቸውም።

ሾፌሮቹ የራሳቸው ቋንቋም አበጁ። «ቴን ፎር» ሲሉ ሰምቻለሁ ማለት ነው። «ቴን ትዌንቲ» ያለህበት ቦታ ነው። የአውራ ጎዳና ፖሊስ ባርኔጣው በደን ቃጠሎ መከላከያ ማስታወቂያ ላይ ያለውን «ስሞኪ» የተባለ ድብ ስለሚመስል ድብ ተባለ፤ ሴት ፖሊስ ደግሞ እማማ ድብ። እስከዚህ ድረስ ያስቃል። ነገር ግን ከፍ ካለው የጭነት መኪና ወንበር ላይ ሆነው በአጠገባቸው በምታልፍ የቤት መኪና ውስጥ የተቀመጠችን ሴት ቁልቁል እያዩ «የወንበር ልብስ» የሚል ስም ሰጥተዋታል። ቁጥር እንዲህ ባለ መኪና ውስጥ የወንበር ልብስ አለች፣ ቀሚሷም እንዲህ ነው ብሎ አንዱ ለሌላው ያስተላልፋል። ሴትዮዋ የራሷ ሬዲዮ ከሌላት ይህ ሁሉ ሲባል አትሰማም። ካላትም ትሰማውና፣ ልጆቿ ከኋላ ተቀምጠው ስለሆነ፣ ቁልፉን አዙራ ትዘጋዋለች። ብዙ ቤተሰብ ሬዲዮውን የተወው ባለጌ አፍ ስለበዛበት ነው። የስድብና የብልግና ወሬ ሲያበዛ መንገዱ ላይ ያለው ጠቃሚ ወሬም አብሮ እንደሚጠፋ ተናጋሪው አያስብም።

ሁሉም ይሰማል

እዚህ ላይ ስለ ሬዲዮ ዋናውን ነገር እንናገር። በስልክ ስንነጋገር የሚሰማን አንድ ሰው ነው። በመገናኛ ሬዲዮ ስንናገር ድምፃችን በሚደርስበት ክልል ሁሉ፣ በዚያው መስመር ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማናል። የማናውቀው ሰው ሊረዳን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የማናውቀው ሰው ሊጎዳን የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱን መነጠል አይቻልም፤ የሚቻለው የምንናገረውን መምረጥ ነው።

አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር በምሽት ስትጓዝ መኪናዋ ቆመ እንበል። ስልኩ አይሠራም፤ ሬዲዮ ግን አላት። «እባካችሁ እርዱኝ፤ እኔና ሕፃናት ልጆቼ ብቻችንን ነን፣ ባለቤቴ የለም» ብትል፣ የተናገረችው ለደጉም ለክፉውም ነው። በዚህ ፋንታ «መኪናችን ቆሟል፣ በዚህ አውራ ጎዳና፣ በዚህ አቅጣጫ፣ በዚህ ማይል ቁጥር ላይ ነን፣ ፖሊስ ጥሩልን» ብትል እርዳታው ይመጣል፤ ስንት እንደሆኑና ማን አብሯት እንዳለ ግን ማንም አላወቀም። «እኔ» ከማለት «እኛ» ማለት ይሻላል። የመኪናውን በር ቆልፎ፣ መስኮቱን በጥቂቱ ብቻ ዝቅ አድርጎ መጠበቅም ያስፈልጋል። የሚያድሩበትን ሆቴል ስም፣ የክፍሉን ቁጥር፣ ቤታቸው ባዶ መሆኑን በሬዲዮ መናገር ከቶ አይገባም። ልጆችም ሙሉ ስማቸውንና የሚማሩበትን ትምህርት ቤት እንዳይናገሩ አስቀድሞ መምከር ነው። ለልጅ አንድ ቅጽል ስም ማውጣት ደስ ስለሚለው፣ ምክሩን ሳይከፋው ይቀበላል።

በዚህ ረገድ ብዙዎችን የሚያታልል አንድ ነገር አለ። በሱቅ የሚሸጡት ትናንሽ የእጅ ሬዲዮዎች «የምስጢር ኮድ» አላቸው እየተባለ በማሸጊያቸው ላይ ይጻፋል። ኮዱ የእርስዎን ንግግር ከሌላ ሰው ጆሮ አይሰውርም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር የሌሎችን ድምፅ ለእርስዎ ማፈን ብቻ ነው። በሩን የዘጋች የመሰላት ሴት የገዛ ጆሮዋን ነው የደፈነችው። በዚያው መስመር ላይ ኮድ ሳያስገባ የሚያዳምጥ ሰው ሁሉን ይሰማል። «አማርኛ ስለሆነ ማን ይሰማኛል?» ብሎ ቤተ ዘመድ ማማትም እንደዚሁ ነው። በአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ አማርኛ የሚሰማ የጭነት መኪና ሾፌር ማግኘት ዛሬ ብርቅ አይደለም።

ዛሬ ሲቢ ምን ያህል ይሠራል?

ስልክና የመንገድ ካርታ የሚያሳዩ ፕሮግራሞች ከመጡ ወዲህ ሲቢ ቀንሷል። ብዙ ወጣት ሾፌሮች ጨርሶ የላቸውም። ሆኖም አልሞተም። ሾፌሮቹ ዛሬም የሚገናኙት በአብዛኛው በ19ኛው መስመር ነው። 9ኛው መስመር ለአደጋና ለመንገደኛ እርዳታ ተብሎ የተመደበ ሲሆን፣ በ1962 የተመሠረተው «ሪአክት» የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር አባላት በየቤታቸው ተቀምጠው በተራ ያዳምጡት ነበር። ዛሬ ግን በ9ኛው ላይ የሚያዳምጥ ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ስልክ የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ 911 መደወል፣ ካልሠራ ደግሞ በ9ኛው ጠርቶ መልስ ሲጠፋ ወደ 19ኛው መሄድ ነው።

ሬዲዮው ዋጋውን የሚያሳየው በበረዶው ወራት ነው። በዋዮሚንግ ግዛት በላራሚና በሮሊንስ መካከል የሚያልፈው 80 ቁጥር አውራ ጎዳና በነፋስና በበረዶ በተደጋጋሚ ይዘጋል። ነጭ አቧራ የመሰለው በረዶ ዐይን ሲጋርድ ከፊት የቆመውን መኪና ማየት የሚቻለው ከደረሱበት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ሰው «ቁሙ፣ መንገዱ ተዘግቷል» ካላለ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ብዙ መኪና ይጋጫል። ስልክ ለዚህ አይሆንም፤ ከኋላ የሚመጣው የማን እንደሆነ አይታወቅምና።

የሾፌር ሚስቶች ሊያውቁት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ከ2012 መጀመሪያ ጀምሮ በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ የትልልቅ ጭነት መኪናና የአውቶቡስ ሾፌሮች እየነዱ ስልክ በእጃቸው ይዘው እንዳይነጋገሩ ተከልክለዋል። ሲቢ በዚህ ክልከላ ውስጥ አልገባም። ስለዚህ ባል ስልክ ባያነሳ ሚስት ወዲያው ቅር ልትሰኝ፣ ወይም ደግማ ደጋግማ ልትደውልለት አይገባም። ሾፌር 8 ሰዓት ከነዳ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ከመንዳት ማረፍ ግዴታው ነው፤ ያን ሰዓት አስቀድመው ቢቀጣጠሩ ለእርሱም ለእርሷም ዕረፍት ነው። ባልና ሚስት ሆነው አንድ መኪና በተራ የሚነዱም አሉ። አንዱ ሲነዳ ሌላው ከወንበሩ ጀርባ ባለው አልጋ ይተኛል። እንዲህ ባለው ቤት፣ ቤት ከተባለ፣ ሬዲዮው ዝቅ ብሎ መከፈት አለበት። የተኛችው ሴት ከጥቂት ሰዓት በኋላ መሪ የምትጨብጥ ነችና እንቅልፏ የሁለቱም ሕይወት ነው።

ስለ መሣሪያው ጥቂት እናክል። ሲቢ የሚፈቀድለት ኃይል በተለመደው አሠራር 4 ዋት ብቻ ነው። ከመኪና ወደ መኪና በሜዳ ላይ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ያደርሳል፤ ተራራ ሲጋርደው ያንሳል። ሞገዱ 11 ሜትር ያህል ርዝመት ስላለው ደህና አንቴናም ረጅም መሆን አለበት፤ የሞገዱን ሩብ ያህል የሆነው ዘንግ ወደ 2 ሜትር ከ70 ይደርሳል። በአጭር አንቴና የሚሠራ የእጅ ሲቢ ደካማ የሚሆነው ስለዚህ ነው። አንቴናው ከሬዲዮው ጋር ሳይስተካከል ቢናገሩበት ማስተላለፊያው ሊቃጠል ይችላል፤ ሲገዙ በመለኪያ እንዲያስተካክሉ ማድረግ ነው። ባዶውን ጩኸት የሚያፍነው ቁልፍም ልብ ሊባል ይገባዋል። ጩኸቱ ልጅ ይረብሻል ብለው እስከ መጨረሻው ያዞሩት እንደሆነ፣ ከሩቅ በደካማ ድምፅ እርዱኝ የሚለውንም ሰው አብሮ ያፍነዋል። ጩኸቱ ገና ጸጥ ባለበት ቦታ ላይ ማቆም ነው። ፀሐይ ላይ ነጠብጣቦች በሚበዙባቸው ዓመታት ደግሞ፣ ይህም በየ11 ዓመቱ ገደማ የሚመጣ ነው፣ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ያለ ሰው ድምፅ ከሰማይ ተንጸባርቆ ይደርስና የጎረቤትን ድምፅ ይውጠዋል። መሣሪያው የተበላሸ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ አልተበላሸም።

በሁለት መኪና ለሚጓዝ ቤተሰብ

ከማያውቁት ሾፌር ጋር ሳይሆን እርስ በርስ ለመነጋገር ለሚፈልግ ቤተሰብ ከሲቢ የሚሻለው በ462 እና በ467 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራው ዓይነት ነው። አንቴናው አጭር ነው፣ ድምፁም የጠራ ነው። ከእነዚህ መካከል ኤፍ አር ኤስ የሚባለው ከ1996 ጀምሮ የተፈቀደ ሲሆን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ኃይሉ ግን ከ2 ዋት አይበልጥም። ጂ ኤም አር ኤስ የሚባለው እስከ 50 ዋት ይፈቀድለታል፣ ተራራ ላይ የተተከለ ማቀባበያ ጣቢያ ካገኘም እጅግ ሩቅ ይደርሳል፤ ፈቃድ ግን ያስፈልገዋል።

የዚህን ፈቃድ አሰጣጥ ስናይ በበኩላችን ደስ ብሎናል። ፈተና የለውም፤ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ሰው ያወጣል፤ ከ2022 ወዲህ ዋጋው 35 ዶላር ሲሆን ለ10 ዓመት ያገለግላል። ከሁሉ የሚገርመው አንድ ሰው ካወጣ ለቤተሰቡ ሁሉ መሆኑ ነው። ቤተሰብ ሲባልም ባልና ሚስት፣ ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ የእንጀራ ልጆች፣ ወላጆች፣ አያቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ አክስትና አጎት፣ የወንድምና የእህት ልጅ፣ አማቶችም ሳይቀሩ ናቸው። ሕግ አውጪው የእኛን አገር ሠርግ ያየ ይመስላል። ሆኖም አበልጅ፣ የክርስትና ልጅና ሚዜ በደንቡ ዘመድ አይደሉም፤ እነርሱ ኤፍ አር ኤስ ይያዙ። ሁለቱ ዓይነቶች በጋራ የሚጠቀሙባቸው መስመሮች ስላሉ መነጋገሩ አይከለከልም። በጂ ኤም አር ኤስ ሲነጋገሩ ንግግሩ በአማርኛ ሊሆን ይችላል፤ የተሰጣቸውን የመጥሪያ ምልክት ግን በየ15 ደቂቃውና በንግግራቸው መጨረሻ ላይ በእንግሊዝኛ መናገር ግዴታ ነው።

ማሸጊያው ላይ 35 ማይል ይደርሳል ተብሎ ተጽፎ ያዩ እንደሆነ አይመኑት። ከተራራ ጫፍ ወደ ሜዳ ቢሆን ነው። ከመኪና ውስጥ በእጅ ሬዲዮ ከአንድ እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር ካገኙ መልካም ነው፤ አንቴናው ከመኪናው ጣራ ላይ ሲሆን ይጨምራል።

በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከተመሠረተበት ከ1984 ወዲህ በየዓመቱ በሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ በተለያየ ከተማ የእግር ኳስ ውድድር ያዘጋጃል። ወደዚያ ወንድም፣ እህትና ጎረቤት በሁለት በሦስት መኪና ተከታትሎ፣ አንዳንዱም ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ይሄዳል። ሬዲዮ ለእንዲህ ያለው ጉዞ ይስማማል። ከፊት ያለው መኪና የኋለኛው ዐይን ነው። «የተቀደደ ጎማ በግራ መስመር ላይ ወድቋል»፣ «በሚቀጥለው መውጫ እንወጣለን፣ ቁጥሩ ይህ ነው» ይላል። ሬዲዮውን የሚይዘው ሾፌሩ ሳይሆን ከአጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው። ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ ሚስት ስለምትሆን፣ ከጉዞው በፊት ቁልፉን እንደ ባሏ አሳምራ ማወቅ አለባት። «እርሱ ያውቀዋል» የሚለው አነጋገር፣ እርሱ የተጎዳ ዕለት አያገለግልም።

ሌላም የቤተሰብ ጉዳይ አለ። በብዙ ጉዞ ላይ የት እንደሚቆም የሚወስነው ከፊት የሚነዳው ወንድ ነው። እርሱ ቶሎ መድረስ ይፈልጋል። ከኋላ መኪና ያለችው አራስ ልጇን ማጥባት አለባት፤ አሮጊቷ እናት እግራቸው አብጧል፤ አንዱ ልጅ ሽንቱ መጥቷል። ሬዲዮ ከሌለ መብራት ቢያበሩለት ሰላምታ ይመስለዋል። ሬዲዮ ካለ ግን «ሕፃኑ አልቅሷል፣ በሚቀጥለው ማረፊያ ቁሙ» ትለዋለች። አልሰማሁም ማለት የለም፤ ሁሉም መኪና ሰምቷልና! መነሻው ላይ፣ ሕፃንና አዛውንት ያሉበት መኪና ቁሙ ሲል ያለ ክርክር እንዲቆም ቢስማሙ ጉዞው ያለ ጠብ ያልቃል።

አነጋገሩ ቀላል ነው፤ ሆኖም ልምምድ ይፈልጋል። አንዱ ሲናገር ሌላው መስማት ብቻ ነው የሚችለው፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቁልፍ ከተጫኑ ማንም አይሰማም። ቁልፉን ተጭኖ አንድ ጊዜ መተንፈስ፣ ከዚያ መናገር፤ አለዚያ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል። «አትቁሙ» ለማለት የፈለገ ሰው «ቁሙ» ብሎ ያልፋል። መጀመሪያ የሚጠሩትን ስም፣ ቀጥሎ የራስን ስም መናገር ነው። ልጆች ይህን ከአዋቂ ፈጥነው ይማራሉ። በአሜሪካ ዋና ዋና አውራ ጎዳናዎች ዳር ያሉት የማይል ቁጥሮች በአብዛኛው ከግዛቱ ምዕራባዊ ወይም ደቡባዊ ወሰን ተነስተው ይቆጠራሉ፤ ልጁ ቁጥሩን በየጊዜው ጮክ ብሎ እንዲያነብ ሥራ ይሰጠው። አደጋ ሲደርስ ደንግጠው ቦታው የጠፋባቸው ወላጆች የልጁን መልስ ይፈልጉታል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ድምፅ ሲጠፋ በፍጥነት መከተል ነው። የኋላው ሾፌር «ራቁኝ» ብሎ ነዳጅ ይረግጣል፤ ሬዲዮው ሊያድነው ሲገባ ለአደጋ ይዳርገዋል። ስለዚህ ሳይነሱ በፊት «ድምፅ ከጠፋ እዚህ ማረፊያ ቦታ እንጠባበቃለን» ብሎ ቦታውን በስሙ መወሰን ነው። ከፊት ያለው ይቆም፤ ከኋላ ያለው በፍጥነቱ ይምጣ። ተጨማሪ ባትሪ በየመኪናው መኖር አለበት፤ አንዱ መኪና ውስጥ ብቻ ካለ ለሌላው የለም ማለት ነው።

በመጨረሻም ከውጭ አገር ለሚመጡ ወገኖች አንድ ማሳሰቢያ እናቀርባለን። በአሜሪካ ያለ ፈቃድ የሚሸጠው ሬዲዮ በኢትዮጵያም ያለ ፈቃድ ይሠራል ማለት አይደለም። የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀምን የሚቆጣጠረው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለማስገባትም ሆነ ለመጠቀም አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለእናት ወይም ለሾፌር ወንድም ስጦታ ብሎ በሻንጣ ይዞ የመጣ ሰው ጉምሩክ ላይ ሊያዝበት ይችላልና፣ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ባለሥልጣኑን ይጠይቅ።